ማህተም ያልተመታበት ግጥም

ይድረስ ለልጄ ለመለሰ። የፕራግ ብርድ ይራራልህ፤ የሚያይህ ሁሉ በኔ ዓይን ይይህ። እኛ ደህና ነን፤ ዘንድሮ መካነ ሰላም ገብሱ ይዞልን የሰው ጉንጭ ሞላ ማለት ጀምሯል።

የጃዝ ተጫዋቾቹ ወረቀት ሳያዩ የመጣላቸውን ይጫወታሉ ብለህ የጻፍከውን ሦስቴ አነበብሁት። የኛ አዝማሪ ቸኮል አሁን የሚዘፍነው ቀበሌ ያጸደቀለትን ብቻ ነው። በጎረቤታችን በፈንታዬ ሰርግ፣ ስላንተ ናፍቆት ግጥም ልስጥህ ስለው፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ ማህተም ያስመቱበት» አለኝ።

ስለዚህ ግጥሙን በሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ጃዝ ልትሰማ ስትወጣ ሹራብ ደርብና ለነዚያ ሰዎች ስጥልኝ። አማርኛ ባይሰሙም ግድ የለም፤ ቸኮልም ያሁኑ ዘፈኑ አይገባውም። ብቻ ግጥሜን ሲቀበሉኝ አጠገባቸው ቁምልኝ።

እግርህን ወደ ቤትህ ያቅናልህ።

እናትህ ብርሀንነሽ