የትኛውን «ይቅር» ነው ያልሽኝ?

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል? የዓይን ጠብታሽስ አለቀ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ረስተሽዋል? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ያንኮራፋል። የመጋረጃ ሥራው ሞልቷል፤ የስፌት መኪናዬም እንደ እኔው ስትለፈልፍ ትውላለች።

የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው። ሱቁን ለዕረፍት ስዘጋ ልምጣ ወይ ብዬ ብጠይቅሽ በስልክ አንዲት ቃል ላክሽልኝ፦ «ይቅር»። በቃ! የእማዬን መታመም ደብቀሽኝ፣ ለቀብር ብቻ ደርሼ ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያው ቃልሽ ይኸው ነው። አሁን ይኼ ምን ማለት ነው? አትምጪ ነው? ወይስ ያለፈውን ይቅር እንባባል ነው? በስልክ ብጠይቅሽማ ሌላ አንዲት ቃል ትመልሺልኛለሽ፤ ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ደግሞ የመጣብኝን ጉድ ስሚ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትምህርት ጀምሬያለሁ። አንድ የጥንት አሳዛኝ ተውኔት ነው የምናጠናው፤ መጀመሪያ መጽሐፉን፣ ቀጥሎ ፊልም የሆነውን፣ ከዚያ የሬዲዮ ድራማውን፣ ከዚያ ምሁራን ስለ እሱ የጻፉትን። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንዲህም ተናድጄ አላውቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ንጉሡ ሊሞት ተቃርቧል። ታላቂቱ ልጁ በር ላይ ቆማ ታናሺቱን አላስገባም ትላታለች። ደጅ ስታለቅስ አባትየው ያርፋል። ታናሺቱ አገር ጥላ ስትሄድ ታላቂቱ ከግንቡ ላይ ሆና አንዲት ቃል ትወረውርላታለች። ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይቅር»! ልጅቷ ዞር ሳትል ሄዳ በረሃ ይበላታል። እትዬ፣ መጽሐፉ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ፊልሙ ላይ ታላቂቱ በዝናብ በስብሳ «ይቅር ብዬሻለሁ!» እያለች ትጮኻለች። በሩን የዘጋችው እሷ፣ ይቅር ባይዋም እሷ! «ምን አለች ይቺ!» ብዬ ብጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሬዲዮው ደግሞ «ይቅርብሽ» አደረገው፤ ጭራሽ ደግማ በሩን ስትዘጋው! ከምሁራኑ አንዱ ይቅርታ መለመኗ ነው ይላል፣ ሌላው ስንብት ነው ይላል። አንዱማ ስንት ገጽ ሙሉ ሲያሽከረክረን ቆይቶ «የቃሉ ትርጉም አሻሚነቱ ነው» ብሎ እርፍ። እሱ ምን አለበት፣ እንደ አንቺ ያለች እህት የለችው!

የክፍላችን ሰዎችም አይሻሉም። ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ አሉ፣ ጋሼ የምንላቸው። «በር የዘጋ ጥፋተኛ ነው፣ አለቀ!» አሉ። ፋርማሲ የምትሠራዋ «ጋሼ፣ ይኼ መስቀለኛ መንገድ አይደለም እኮ!» አለቻቸው። «ታዲያ መንገድ የዘጋ አይቀጣም?» «አባቷ ማንም አይየኝ ብሏት ምን ታድርግ?» እኔም «እህቷ ማንም ናት?» ብዬ ገባሁበትና ከሁለቱም ጋር ተጣልቼ ወጣሁ። መምህሯ፣ የመጀመሪያ ልጄን የምታክል ናት፣ እኛ ስንጨቃጨቅ እሷ ትስቃለች።

ባለፈው ቅዳሜ ተውኔቱን ተከፋፍለን ጮክ ብለን ስናነብ መምህሯ ታላቂቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ሆን ብላ እኮ ነው! ጋሼ ንጉሡን ሆኑ። አልጋ ላይ እንዳለ ሰው ድምፃቸውን አድክመው «ልጄ፣ ታናሽሽ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ» አሉ። የእኔ መልስ «እሺ፣ አባዬ» ብቻ ናት። አልወጣልኝ አለ።

እማዬ መጣችብኛ! ሻሿን ሳታስተካክል ለጎረቤት እንኳ በር የማታስከፍተዋ። ጥርሷን ያስነቀለች ጊዜ ትዝ ይልሻል? እኔ እንዳላያት አፏን በእጇ ሸፍና ስታወራኝ ከረመች። አንቺን ግን አትሸሽግሽም ነበር። ሁልጊዜ አንቺን ብቻ።

ጋሼ ቃሏ የጠፋችኝ መስሏቸው «በዪ እንጂ፣ እሺ በዪ» ይሉኛል። በስንት መከራ ተነፈስኩና «እሺ፣ እማዬ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔን እየጠረግኩ።

ከዚያ ወዲህ የእማዬን መታመም ስለ መደበቅሽ የምጠይቅሽ የለኝም። አንቺም እንዳትነግሪኝ።

ስለ «ይቅር» ግን አሁንም ንዴቴ አልበረደም! ከአንድ ሻጭ ጋር ግማሽ ቀን የምትከራከሪ ሴት፣ ለእህትሽ አንዲት ቃል? ስለዚህ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። በስልክ እንዳትመልሺልኝ፣ አላነበውም። አትምጪ ማለትሽ ከነበረም ፊት ለፊት ቆመሽ ትነግሪኛለሽ። ብቻ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጊው።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ቤትሽ ሰው አይጣ። ብቻሽን የተሸከምሽውን ሁሉ ያቅልልሽ።

ታናሽሽ