የማለዳው እጥፋት

መካነ ብርሃን፣ ከደጋው አናት ላለኸው ለወንድሜ ለአያ ዳኛው፤ ይህች ወረቀት በጤናህ ታግኝህ።

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? ባለቤትህ ባንቺአየሁ ወገቧን ተሻላት? ልጅህ ጸሎት ትምህርቷን ትወዳለች? ገብሱ አሸተ? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? እናታችን እህል ትቀምሳለች ወይ? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና በአካሌ ደኅና ነኝ። በሌላው ደኅና መሆኔንና አለመሆኔን ይህን አንብበህ አንተው ፍረድ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለታናሽ ወንድማችን ለጌትነት ለቅሶ እንዲቀመጥ ሽማግሌዎቹ መቁረጣቸውን፣ አስከሬን ስለሌለም የሚለቀስበትን ጃኬቱን እንድልክ ማዘዝህን ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩህ ንቄህ አይደለም። ጃኬቱን ከተሰቀለበት ማውረድ አቅቶኝ ነው። ለምን እንዳቃተኝ ልንገርህ፤ እስክትጨርስ ግን አትሳቅ፣ ጠበልም አትዘዝብኝ።

እኔና ጌትነት እዚህ ጎንደር ቀሐ በተከራየናት ቤት ለኬክ ቤቶች ክሮሳንት እንሠራ እንደነበር ታውቃለህ። ለጥምቀት መጥተህ አንዱን ገምጠህ፣ ይኼማ ነፋስ ነው፣ እህሉ የት አለ፣ ያልከው ያ ነው። እኛ ደግሞ የምንለፋው ነፋሱ እንዲገባ ነበር። የቀዘቀዘ የገበታ ቅቤ ሊጥ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ይዳመጣል፣ እንደ ነጠላ ይታጠፋል፣ ፍሪጅ ገብቶ ያርፋል፤ እንደገና ይዳመጣል፣ ይታጠፋል። ሊጡ ካላረፈ ይቀደዳል፤ ቅቤው ከሞቀ ደግሞ ቀልጦ ንብርብሩ ይጠፋል፣ ተራ ዳቦ ሆኖ ይቀራል። ምሽት ላይ ሁለቱን እጥፋት እኔ አጥፌ እተኛለሁ፤ የመጨረሻውን ማለዳ ተነሥቶ እሱ ያጥፋል። ስንቴ እንደታጠፈ በዓይን ስለማይለይ፣ ባጠፍን ቁጥር ጫፉን በጣታችን ጫን እናደርገዋለን። እኔ ሁለት ስርጉድ ትቼ እተኛለሁ፤ ስነሣ ሦስት ሆነው አገኛቸዋለሁ። ሥራችን እንዲህ ነበር።

ከዚያ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጌትነት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ፤ የማለዳው እጥፋትም ለእኔው ቀረ። አብሮት የሄደው ጓደኛው አወቀ በፍልሰታ ማግሥት ብቻውን ተመልሶ፣ በረሃ ላይ በእጄ ቀበርኩት አለ። አንተ አመንከው። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ፤ ሊያጽናናኝ ሲመጣ እንኳ ደጄን አልከፈትኩለትም። በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ፍሪጁን ስከፍት፣ ሁለት ስርጉድ የተውኩበት ሊጥ ላይ ሦስት አገኘሁ።

መጀመሪያ ተሳስቼ ነው ብዬ ተውኩት። በማግሥቱም ሦስት። በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ጠረጴዛውን ወልውዬ ተኛሁ፤ ስነሣ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ተነስንሷል፣ ሊጡ ታጥፏል፣ መዳመጫው ጌትነት በሚያቆምበት ጥግ ቆሟል። አልፈራሁም ብልህ ውሸት ነው። ግን ከፍርሃቱ ደስታው በለጠብኝ። መጣልኝ አልኩ። ሻይ እተውለት ጀመር፤ ስነሣ ብርጭቆው ባዶ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሳልመጣ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፤ መጥቶ ቢያጣኝ ይቀየመኛል ብዬ ነው። እናታችን ጭምጭምታውን ሰምታ፣ ሐዘንተኛ ቅቤ አይቀባምና ማንም ሐዘንተኛ እንዳይላት በየሳምንቱ ራሷን እየተቀባች ገበያ ትወጣለች ብለህ ስትጽፍልኝ ደግሞ፣ የእናት ልብ ያውቃል ብዬ ባሰብኝ።

ይመኙሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አብራኝ ግቢው ውስጥ ትኖራለች። ማለዳ ለኪዳን ስትወጣ በመስኮቴ ሥር ታልፋለች። ባለፈው ሳምንት፣ ምነው ልጄ፣ ዓይንሽን ከድነሽ ነው እንዴ የምትዳምጪው፣ ብጠራሽም አትሰሚኝ፣ አለችኝ። እኔ አይደለሁም አልኳት። አንቺ ነሽ፣ ጌትዬ ጌትዬ እያልሽ፣ አለች። ክፉ ቃል ተናገርኳት። እሷ ግን ሳትቀየመኝ፣ እንግዲያውስ እኔ ዘንድ እደሪና እንየው አለች። እኔም ሊጡን አጥፌ፣ ምልክቴን አድርጌ፣ ሻይውን ትቼ፣ ቁልፉን ለእሷ ሰጥቼ እሷ ዘንድ አደርኩ። ስንተኛ የነጠላዬን ጫፍ ከእጇ አንጓ ጋር አሰረችው።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ጎትቻት ኖሯል፤ ይዛ መልሳ አስተኛችኝ። እኔ አንዱንም አላውቅም። ሲነጋ ሄደን ፍሪጁን ከፈትን። ሊጡ እንደተውኩት አድሯል፤ ስርጉዱ ሁለት ነው። ሻይውም ሳይነካ ቀዝቅዟል። ይመኙሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

የመጨረሻውን እጥፋት በዚያች ማለዳ ነቅቼ፣ እያየሁ፣ በገዛ እጄ አጠፍኩት። ጋገርኩትም። ከሁሉ ያስለቀሰኝ አምሮ መውጣቱ ነው። አወቀንም አስጠርቼ ደጄን ከፈትኩለትና የቀበረበትን ቦታ ጠየቅሁት። ከአንዲት ግራር ሥር ነው፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሼ ነው፣ አለኝ። ወንድማችን ሞቷል፣ አያ ዳኛው።

ጃኬቱን ለሰው አልሰጥም፤ በመጪው ሳምንት እኔው ይዤው እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እንደ ደንቡ ንጋት ላይ ሰው ሰብስባችሁ እናታችን ላይ እንዳትገቡ። እሷንና እኔን የያዘን አንድ በሽታ ነው፤ መርዶውን እኔ ልንገራት። ቅቤውንም ከራሷ ላይ እኔው አጥብላታለሁ።

ባንቺአየሁን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ከባድ እንስራ አታሸክማት። ጸሎትን ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ እንደየማዕረጉ ሰላም በልልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መምጣቴን ግን አትንገራት። ከዚህ ቤት ሰላም የምትልህ እኔ ብቻ ነኝ።

እህትህ ዓይናዲስ
ጎንደር፣ ቀሐ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.