በእጄ የቀየርኩት ዓመት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ አልጠናብዎትም? እሙሽ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ትሰጥዎታለች? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ባገለገሉበት የጦር ካምፕ በር ሳልፍ የሚያውቁዎት ሁሉ በኦሮምኛ አካም፣ ናጋ ብለው ሰላም እያሉኝ ስለ እርስዎ ይጠይቁኛል። ወረቀት ያነሳሁት በስልክ ድምፅ አልለይልዎ ስላለ ነው። ደግሞም ይህን በአፌ መናገር ፈራሁ።

አባዬ፣ ነገ መስሪያ ቤታችን ፈተና የሚሰጥባቸውን አርባ ኮምፒውተሮች የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አንዱን አሟላና ሙሉ ቅጂውን ሌሎቹ ላይ አወርዳለሁ፤ ኢሜጅ የምንለው ይህን ነው። የፈተናውን ፕሮግራም የሚጭነው ደግሞ ስክሪፕት የሚባል የትእዛዝ ዝርዝር ነው። እሱ እምቢ አለኝ። ግማሽ ድረስ ይሄድና አልተሳካም ብሎ ይቆማል። ሦስት ቀን ሙሉ ሳጠፋና እንደገና ስጭን ከረምኩ። ተፈታኞቹ ከሊበን ገጠር በጭነት መኪና እየመጡ ነው አሉኝ።

አለቃችን አቶ ጎዳና ግን ጥፋተኛውን አገኘሁ አሉ። አብሮኝ የሚሠራው ዓብዱልባሲጥ ባለፈው ሳምንት ፍላሽ ሲሰካ አይተውታል። ቫይረስ ያስገባው እሱ ነው፣ ነገ ከፈተናው በኋላ ውሉ ይቋረጣል አሉ። ቢምል ቢገዘትም አላመኑትም።

ትናንት ስክሪፕቱ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል ከፍቼ አነበብኩ። ከመጀመሪያው ማየት ነበረብኝ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔን ነው። የፕሮግራሙ የአገልግሎት ፈቃድ ዘመን ገና አልጀመረም ይላል። የኮምፒውተሩን ቀን ባየው 2016 ነው። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን 2024 ነው። በመስከረም አቶ ጎዳና ደብዳቤዎች በእኛ ቀን ይውጡ ሲሉ፣ ሌላ መላ መፈለጉ ሰልችቶኝ የአርባዎቹንም ወርና ዓመት በእኛ አቆጣጠር አድርጌ ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ ራሴ ነበርኩ።

ቀኑን አንድ በአንድ ሳስተካክል ፕሮግራሙ ያለ ምንም ችግር ገባ። አቶ ጎዳና ደስ ብሏቸው እሱ ያበላሸውን አንቺ አቃናሽው አሉኝ። ዝም አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ እውነቱን ካወቁ የምባረረው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። ዓብዱልባሲጥ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ አለኝ።

አሁንም እፈራለሁ፣ አባዬ። የጻፍኩልዎ ምክር ፈልጌ አይደለም፤ ነገ ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አቶ ጎዳና ፊት ስቆም ልቤ እንዳይከዳኝ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገባለሁ፣ ከዚያ ቢሮ እገባለሁ። ለእርስዎ አደርጋለሁ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም።

እሙሽን ይሳሙልኝ። አዳነን በትምህርቱ እንዲበረታ ይንገሩልኝ። ለእትዬ ብዙወርቅም የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ ፍሬሰንበት
ነገሌ ቦረና
እሑድ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.