የሌሊት ወፍ ያልኳት

መርሳ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ፤

ጉልበትዎን ክረምቱ እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ ወልድያ ላይ በሰላም ከረሙ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ዝናቡ መልካም ነው፤ ሰዉ ግን ጦርነቱ ይመለሳል እያለ እየፈራ ነው የሚዘራው።

በሹፌሩ በኑርሁሴን የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። እህትዎ ሸዋዬ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥላታል፣ ሌሊት ዓይኗ ፈጦ ያድራል፤ የጦርነቱ ድንጋጤ ነውና ለፍልሰታ ፀበል ትግባ ብለዋል። «እንደ ትርንጎ አንተ ይዘህልኝ ግባ፤ ሚስትህን ጾመህ አስጹመህ በክብር የሸኘህ ሰው ነህ» ማለትዎን ሲነግረኝ አንገቴን ደፋሁ። ኑርሁሴን ያዘንኩ መስሎት «አይዞህ» አለኝ። ኀዘን አልነበረም እትዬ፤ ሀፍረት ነው።

ትርንጎንም አምና እንዲሁ ነበር የጀመራት። ጥጥ እየፈተለች እንዝርቱ ከእጇ ይወድቃል። እኔ «የሌሊት ወፍ ሆነሽ ቀረሽ» እያልኩ እስቅባት ነበር። እሷም አትተወኝም፤ «አንተ ደግሞ ዶሮ ነህ፣ ሳይመሽ ቆጥ ላይ ትወጣለህ» ትለኛለች። እየቆየ ቀልዱ ቀረና ስንፍና ነው አልኩ። ፊቷን ውሃ እየረጨሁ አስነሳት ጀመር።

ፍልሰታ ሲገባ ታጣቂዎቹ ከተማውን ያዙት። መንገዱም ሐኪም ቤቱም ተዘጋ። የቀረን ጾም ብቻ ነው ብዬ ጠናሁባት። የንስሐ አባታችን እንኳ «ሕመምተኛ ናት፣ ትብላ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ከካህኑ በላይ ካህን ሆንኩ። ከፀበልና ከቅዳሴ መልስ አንዴ ትቀምሳለች፤ ማታ «ትንሽ በሶ በጥብጥልኝ፣ ሆዴ ባዶውን አላድር አለኝ» ስትል «ሥጋሽን አታባብዪው» እላታለሁ። ሌሊት እየተነሣች «ነግቷል፣ ገበያ ልውረድ» ትላለች፤ ውጭ ተኩስ ነው። በሩን በገመድ አሰርኩት። አንድ ሌሊት ግን በሩን ብቻ አይደለም ያሰርኩት።

በጥቅምት ዐረፈች። ለእርስዎ «በድንጋጤ» ብዬ ነበር የነገርኩዎ።

መንገዱ ሲከፈት የጎረቤታችን ልጅ አብዱሰመድ፣ ደሴ ነርስ የሆነው፣ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ። አሟሟቷን ጠይቆኝ ነገርኩት። «አባባ፣ ልጅ ሳለች ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?» አለኝ። እናታችሁንም፣ ትርንጎንም፣ ሸዋዬንም የወፍ በሽታ ይዟቸው እንደነበር እርስዎ ራስዎ አጫውተውኛል። የወፍ በሽታ! እኔ ደግሞ ወፍ እያልኩ ስስቅባት።

ሕመሟ የጉበት ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ሰውነት ቀንና ሌሊትን የሚለይበት የራሱ ሰዓት አለው፤ ጉበትም በዚያው ሰዓት ነው የሚሠራው። ጎተራ ማለት ነው፤ ቀን የተበላውን አስቀምጦ ሌሊት ይሰፍራል። ጎተራው ሲነደል፣ ሳይበላ ያደረ ሰው የገዛ ሥጋውን ይበላል። ጉበት ያላጠራው ቆሻሻም አንጎል ላይ ይወጣና ሰዓቱን ያዛባዋል፤ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ይሆናል። «ለእንዲህ ያለ ሰው ከመኝታ በፊት ጥቂት ምግብ መድኃኒት ነው» አለ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ «ወላሂ አባባ፣ አላወቁም እኮ» አለኝ። አላወቅሁም፣ እውነት ነው። ስትለምነኝ ግን ሰምቻለሁ።

ስለዚህ እባክዎ እትዬ፣ ሸዋዬን ቀን ተኛሽ ብለው አይቆጧት። ማታ ሳትቀምስ አትደር፤ ጾሙንም አባቶች ይፍቱላት። ፀበሉን አልነቅፍም፤ ትጠጣው፣ ትጠመቅበት፤ የነቀፍኩት ራሴን ነው። ግን መንገዱ ዳግም ሳይዘጋ ደሟን ሐኪም ይየው። በሽታው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከሚስትም ወደ ባል ይሻገራል ብሎኛል።

በሚመጣው ሰኞ በጧቱ መኪና እመጣለሁ። የሐኪም ቤቱ ሰልፍ ረጅም ነው ይባላልና ማልደው ሰው ይላኩልን፤ የሁለት ሰው ወረፋ ይያዝ።

እመቤታችን ቤትዎን በምሕረቷ ትክደን። እኔን ይቅር ለማለት አይቸኩሉ።

የእህትዎ ባል የነበርኩት