ፊታውራሪ ኳሷን የሳቱ ዕለት

ሐሙስ፣ ጥር 13 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዛሬም ሁሉም ባንድ ኳስ ላይ ተረባረቡ። ሚስተር ኮል «ኖ! ኖ!» እያለ እጁን ያወናጭፋል፣ እነሱ ይብሱን ይሮጣሉ። ምን ያድርጉ? ዱላና ኳስ ካዩ ለነሱ የገና ጨዋታ ነው። በኦሮምኛ ቂሌ የሚሉት። ገና ካለፈ ወር አልሞላውም፤ ኳስ ነጥቆ መሮጥ ገና ከእግራቸው አልወጣም።

ሚስተር ኮል የመንገድ ሥራው ኢንጂነር ነው። ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለውን ሜዳ ከባለመሬቱ ከፊታውራሪ ለምኖ፣ የቲማቲም ጣሳ እየቀበረ የጎልፍ ሜዳ አደረገው። አሁን ደግሞ የአምቦን ልጆች ካላስተማርኩ ብሏል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በዳይሬክተሩ ባርኔጣ ውስጥ እንቁራሪት አስቀምጬ ከሰባተኛ ክፍል የተባረርኩት እኔ፣ «ቲቸር» ተባልኩ! አባቴ ሲሰማ ጉርሻው ትን አለው።

እስካሁን ያስተማርኩት፦ እግር ከፈት ማድረግ። ዱላውን እንደ ላም ጡት መያዝ፣ ጠበቅ፣ ግን ላሚቱ እንዳትራገጥ። ዓይንን ከኳሷ አለመንቀል። ተራ መጠበቅ። ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር አልገባቸውም።

ከሁሉም ቶሎሳ ይበልጣል። ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እሱ የመታት ኳስ የት እንደወደቀች ለመፈለግ ሰው ይላካል። አባቱ ኦቦ ገመቹ የፊታውራሪ ጢሰኛ ናቸው፤ ከሜዳው በላይ ያለውን መሬት ያርሳሉ።

ዓርብ

ድል! ተራ መጠበቅ ተማሩ። ዘዴው የኔ ነው። የሚጠብቅ ልጅ አፉ ሥራ ከያዘ እግሩ ያርፋል። ስለዚህ የሳተውን ሰው በግጥም እንዲሰድቡት ፈቀድኩ። በገና ጨዋታ ዱላ የያዘ ሁሉ ይሰደብ የለ? ጌታም ይሁን ሎሌ፣ የተቆጣ እሱ ነውረኛ ነው። ለሚስተር ኮል ቦርጭ አንድ ግጥም ሠራሁለት፦

ዱላስ ደህና ነበር፣ ቦርጭ ነው የጋረደ፤
ኳሷ ቁጭ ብላለች፣ ሣሩ ነው የሄደ።

ቶሎሳ አወረደ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ሚስተር ኮል ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። «ጎበዝ መምህር ነህ ይሉሃል» አልኩት። አንድ በአንድ እየጨበጠ አመሰገናቸው። እኔ ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ።

ነገ ፊታውራሪ ሜዳውን ሊያዩ ይመጣሉ። ደስ ካላቸው ልጆቹ ሁልጊዜ እንዲጫወቱበት ይፈቅዳሉ ተብሏል።

ቅዳሜ

ጉድ ፈላ።

ፊታውራሪ በበቅሎ መጡ፣ ከነአጃቢያቸው። ልጆቹን ፊት አሳጥቤ አሰልፌያቸዋለሁ። ሚስተር ኮል የመጀመሪያዋን ኳስ እንዲመቱለት ዱላ ሰጣቸው። እዚህ ላይ ልጆቹን «ዛሬ ግጥም የለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ሲመቱ ለማየት ቋምጬ ነበር። ካባቸውን ለአሽከር ሰጡ፣ ሰቀሉ፣ ሰነዘሩ። አንድ ጉብ ሣር ከነሥሩ ተነቅሎ በረረ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም።

ቶሎሳ አወረደ። ልጆቹ እያጨበጨቡ ተቀበሉ። ቦርጭ ደግሞ የፊታውራሪ ቦርጭ! ግጥሙ ለማን እንደተሠራ እኔው ራሴ ረሳሁት። ሳቄን ለመያዝ ክንዴን ነከስኩ፣ አልሆነም።

ፊታውራሪም ሳቁ። ዱላ ይዘው አይቆጡ ነገር! «አንተ ጎበዝ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ቶሎሳ ደረቱን ነፍቶ «የገመቹ!» አለ።

«እደግ» አሉት።

ደስ አለን። ቂሎች።

እሑድ

ኦቦ ገመቹ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የፊታውራሪ አጋፋሪ በጧት መጥቶ «መሬቱን ልቀቅ፣ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» ብሏቸዋል። ምክንያት የለም። ስለ ግጥሙ ትንፍሽ ያለ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቢቆጡማ ሽማግሌ ይላካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠየቃል። አልተቆጣሁም ያለን ሰው በምን ይማልዱታል?

«ማል ጎና?» አሉኝ። ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። ይህን የሚጠይቁት እኔን ነው።

«ኦቦ፣ ለቀልድ ነበር እኮ።»

«አንተ ቀልደህ አባትህ ቤት ትገባለህ። የኔ ቤት ያለው እሳቸው መሬት ላይ ነው።»

ሚስተር ኮል ዘንድ ሮጥኩ። «እሳቸው እኮ ሲስቁ አይቻለሁ፣ አልተቀየሙም» ብሎ ሻይ ቀዳልኝ። መንገድ የሚያስቀይሱት ለዚህ ጭንቅላት ነው!

ሰኞ

ከኦቦ ገመቹ ጋር ፊታውራሪ ደጅ ስንጠና ረፈደ። ሲያስገቡን መሬት ስሜ «ግጥሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ ምንም አያውቅም» አልኩ።

«የምን ግጥም?» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። «ጨዋታ አይደለም እንዴ? እኔ በጨዋታ እቀየማለሁ?»

ግንባሬን እንደገና መሬት አስነካሁ።  

«ጨዋታው ግን ደግ ነው» አሉ። «ልጄን ታስተምርልኛለህ። የመንደር ውሪ ሁሉ ሜዳዬን እንዳይረግጥብኝ። ያ የገመቹ ልጅ ጠንካራ ነው፣ ዱላ ይሸከምለት።» ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞር ብለው «አንተስ አውድማህን ትተህ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሏቸው።

መሬቱ ተመለሰ ማለት ነው። ኦቦ ገመቹ እግራቸው ላይ ወደቁ። ስንወጣ እኔን አቀፉኝ፣ መረቁኝ። ምርቃቱ እስኪያልቅ ድረስ መሬት መሬት አየሁ።

ማክሰኞ

ልጆቹ ወንዙ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ሂዱ አልኳቸው። «ቲቸር! የጌታ ቲቸር!» እያሉ ተበተኑ። 

የፊታውራሪን ልጅ አጣምሜ ላስተምረው ወስኜ ነበር የመጣሁት። እጁን አገላብጦ ይያዝ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ ይስቀል። ልጁ ግን ሰባት ዓመቱ ነው፣ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፣ እንዳየኝ ድዱን እያሳየ ሳቀልኝ። ምን ነበር ክፉ ቢሆን! በደንብ አስተማርኩት።

ጥቂት እንደመታ ዱላውን ወደ ቶሎሳ ዘረጋለት። «እንካ፣ አንተም ምታ።»

ቶሎሳ አየኝ። ከዛፉ ሥር የተቀመጠው የፊታውራሪ አሽከርም አየኝ።

«እሱ አይመታም» አልኩ።

«ለምን? አይችልም?»

«አዎ። አይችልም።»

ቶሎሳ የዱላውን ከረጢት ትከሻው ላይ አስተካከለ። የጌታው ልጅ ጠጋ ብሎ ክንዱን ያዘውና «አይዞህ፣ እኔ አሳይሃለሁ» አለው።

ከሜዳው በላይ ኦቦ ገመቹ ጤፍ ያበራያሉ። በሬዎቻቸውን በየስማቸው ሲጠሩ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።