ከቡፌው ጀርባ የተገኘው

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የቡልቡላ ሙቀት ተስማማሽ ወይስ ዛሬም ከአክስቴ ጋር በማራገቢያው ትጣያላችሁ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

አሁን እፎይ በይ፤ ቤታችን አይፈርስም!

በመሬት መንቀጥቀጡ ሰሞን ከቡፌሽ በላይ ብቅ ያለውን ስንጥቅ ያየ ሁሉ መሬቱ ተከፍሏል ብሎ ፈርዶበት ነበር። አንቺም ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ወጣሽ። የከተማው የቅርስ ኮሚቴ እንኳ የባቡር ዘመን ቅርስ ነው እያለ፣ ሰው ላይ ሳይወድቅ ይፍረስ ሊል ጥቂት ነበር የቀረው። ስለዚህ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሃዊ በሌዘር መሣሪያ የኛንም፣ የግድግዳ ተጋሪያችንን የኦቦ ወዬሳንም ክፍሎች ለክተን፣ ቤቱን ኮምፒውተር ውስጥ መልሰን ሠራነው። ሥዕል ብቻ እንዳይመስልሽ። እንደ ክሊኒክ ካርድ ነው፤ ግድግዳውን ስትነኪው በምን እንደተሠራ፣ ምን እንዳመመው፣ ማን እንደጠገነው ይነግርሻል።

ለመለካት ቡፌውን ማንሳት ነበረብን። ሰሃኖችሽ ደህና ናቸው፣ አትቆጪ። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ወደ ጎን ታጥፎ፣ በወዲያ በኩል ቀጥ ብሎ ወረደ። ሃዊ ስክሪኑን አይታ ይሄማ በር ነው ብላ ሳቀች። መሠረቱ ንቅንቅ አላለም፤ የተላቀቀው በሩ የተደፈነበት ብሎኬት ነው። እኔማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ማን እንደደፈነው መመዝገብ ስላለብኝ ኦቦ ወዬሳን ጠየቅኳቸው። አባዬ ባረፈ ዓመት፣ እኔ ገና ጡት ሳልተው፣ ግንበኛ የጠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ባሏ የሞተባትና ሚስቱ የሞተችበት በአንድ በር ሲገቡ ሲወጡ ሰው ምን ይላል ብለሽ ነው አሉ። ልክ ነበረች አሉኝ። ከዚያ ጉልበትሽን ጠየቁኝ። ቆይተው ደግሞ ጠየቁኝ።

ታውቂያለሽ፣ ክፍላቸው በዕቃ ተጨናንቆ መላወሻ የለውም። በሩ በነበረበት ግድግዳ ላይ ግን ወንበር እንኳ አልተጠጋም፤ ሚስማርም አልተመታበትም።

ኮሚቴው ጥገናውን ፈቅዷል። ብሎኬቱ መውጣቱ አይቀርም፤ በሩ ይመለስ ወይስ በድንጋይ ይደፈን የሚለውን የቤቱ ባለቤት ትወስን ብለውኛል። እኔም ሞዴሉ ላይ ያቺን ቦታ ሳልሞላ ትቻታለሁ። ሰውም ዛሬ ሌላ ወሬ አለው፣ እማዬ።

አክስቴን ሳሚልኝ። ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ በሰላም መልሶ ያግባሽ። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ።

ቡፌውን ወደ ቦታው አልመለስኩትም።

የምትወድሽ ልጅሽ