ከባሕር ሥር የሚወጣውን ውኃ የለኩት አቶ ብዙአየሁ ብርሃነመስቀል

አቶ ብዙአየሁ ብርሃነመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ብርሃነመስቀል ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋረጋ ደበላ ኅዳር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. በአምቦ ከተማ ተወለዱ። አምቦ ውኃው ከነአረፋው ከመሬት የሚፈልቅበት አገር ነው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው አረፋው ከየት እንደሚመጣ እየጠየቁ አባታችንን ያደክሙ ነበር። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ተፈሪ ነኝ። ማጋነን እንደማይወዱ ስለማውቅ ነገሩን እንዳለ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአምቦ ተከታትለው፣ በ1966 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ምድር ተመረቁ። ከዚያም አሥራ ሰባት ዓመት በውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሥራ አገልግለዋል። በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዶርቃ ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ ሎስ አንጀለስ መጡ። ልጆቻቸው ሄቨንና ማቲ እዚሁ ተወለዱ። እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሰው መኪና ፓርክ በማድረግ ሠሩ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዊልሻየር ጎዳና ላይ። ወ/ሮ ዶርቃ ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ ከፈቱ። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1999 ፓሳዴና በሚገኝ አንድ የውኃ ጥናት ድርጅት በቴክኒሻንነት ተቀጠሩ።

ሥራቸው ለብዙ ሰው ግልጽ አልነበረምና ላስረዳ። ከምድር በታች ያለው ንጹሕ ውኃ ባሕሩ ዳርቻ ሲደርስ አይቆምም፤ በባሕሩ ወለል አሸዋ ውስጥ ሾልኮ ወደ ጨዋማው ውኃ ይገባል። ቦታ ቦታ ጋዝም አብሮት ይወጣል። ይህን ለመለካት ጠላቂዎች ወርደው ግማሽ በርሜል አሸዋው ላይ ይደፋሉ፣ አናቱም ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ያስራሉ። ከረጢቱ በስንት ሰዓት ምን ያህል እንደሞላ፣ አረፋውም ምን ያህል እንደሆነ ጀልባው ላይ ሆነው የሚመዝኑትና በደብተራቸው የሚጽፉት አቶ ብዙአየሁ ነበሩ። ባሕር በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል ከላይ የሚጫነው ስለሚቀንስ ብዙ መውጣት አለበት፤ ሲሞላ ጥቂት።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሰመር፣ በእነሱ በጋ፣ አርባ ሁለት ቀን ለኩ። ቢሮው ከደብተራቸው የቀዳው መዝገብ ሲመረመር ግን ሁሉም ነገር ተገልብጦ ተገኘ፤ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ብዙ ይወጣል ይላል። የመረመሩት ሰው ጀልባው ላይ ወጥተው የማያውቁ ነበሩ። የሰመሩ ሥራ በሙሉ ከጥናቱ እንዲወጣ ተደረገ፤ አቶ ብዙአየሁም ልኬታቸው አያስተማምንም ተብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። በሕይወታቸው የሚመኩበት ነገር ቢኖር ልኬታቸው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው ደብተሩን ቁም ሣጥን አናት ላይ ጫኑት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጡረታ ወጡ፤ ስለ ባሕርም ዳግመኛ አላወሩም። ሲናደዱ ባየናቸው ይሻለን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሚድ ዊልሻየር ባለው አፓርትማቸው ሲታከሙ፣ ወ/ሮ ዶርቃ መድኃኒት የሰጡበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር። በየካቲት አንድ ቀን ቤት ድረስ የምትመጣው ነርስ ወረቀቱን አይታ ደነገጠች፤ የጠዋቱ መድኃኒት በሁለት ሰዓት እንደተሰጠ ተጽፏል። ሄቨን ሳቀችና እማዬ በሐበሻ ሰዓት ጽፋው ነው፣ ስምንት ማለቷ ነው ብላ አስረዳች። ወ/ሮ ዶርቃ ግን አልሳቁም። ወንበር ጎትተው፣ ላዩ ላይ ወጥተው ደብተሩን አወረዱት።

የየቀኑ መጀመሪያ 1:15 ይላል፤ መጨረሻው 6:00። ቢሮው ይህን የከሰዓት በኋላ ሰዓት አድርጎ ወስዶት ነበር። ወ/ሮ ዶርቃ ግን ባለቤታቸው በዚያ ሰመር ከማለዳ እስከ ቀትር ባሕር ላይ ቆይተው፣ ምሳቸውን ሁልጊዜ ፌርፋክስ ሱቅ ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጠው ይበሉ እንደነበር ያውቃሉ። አቶ ብዙአየሁ ለሰው ሲናገሩ በአሜሪካ ሰዓት ነበር፤ ለራሳቸው ሲቆጥሩ ግን በእኛው። ስለዚህ ቢሮው እያንዳንዱን ልኬት ስድስት ሰዓት አዘግይቶ ወስዶታል፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ የሞላ ባሕር ጎድሎ እስኪጨርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ማቲ ቢሮው ከያዘው መዝገብ ላይ ስድስት ስድስት ሰዓት ቀንሶ ባሕሩ ከሚሞላበትና ከሚጎድልበት ሰንጠረዥ ጋር አስተያየው። አርባ ሁለቱም ቀን ገጠመ።

አቶ ብዙአየሁ መነጽራቸውን አስመጥተው ገጽ በገጽ አዩት። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አለቀሱ፤ አባታችን ከተቀበሩ ወዲህ ወንድሜ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሳቸው አራት ዓመት ገደማ ፈጀ። ድርጅቱም ልኬቱ ትክክል መሆኑንና ወደ ጥናቱ መመለሱን በሚያዝያ በደብዳቤ አረጋገጠ። እኛ ይህን ባናነሣው እንመርጥ ነበር። ስሕተቱ የእኔ፣ ውኃው ግን እውነት እንደነበር ይጻፍልኝ ብለው ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

አቶ ብዙአየሁ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ረቡዕ ግንቦት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2016 ጠዋት ዐረፉ። ወ/ሮ ዶርቃ ሰዓቱን በዚያው ደብተር በቀረው ባዶ ገጽ ላይ ጽፈውታል፤ በእኛ 4:20፣ በእነሱ 10:20።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዶርቃን፣ ልጆቻቸውን ሄቨንንና ማቲን፣ እኔንም ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን፤ የወንድሜንም ነፍስ ሁለቱንም ሰዓት የሚያውቅ ጌታ በሰላም ያሳርፍ።